ለሚቀረው ሰው የተመረጠ ቤት፦ የወላጆቼ የጡረታ መኖሪያ ጉዳይ

አባቴ ደውሎ «ነገ ቀብድ ልከፍል ነው» ያለኝ ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር ሲቀረው ነበር። ቤቱ ሐይቅ ዳር ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተሰባችን የዕረፍት ጊዜውን በሚያሳልፍባት ትንሽ ከተማ ውስጥ። በረንዳው ውሃውን ፊት ለፊት ያያል። ሻጩ ቸኩሏል፤ ደላላውም «ሌላ ገዢ መጥቷል» እያለ ያጣድፋል። በአባቴ ድምፅ ውስጥ ግን ለዓመታት ያልሰማሁት ደስታ ነበረ።

«እማዬስ ምን አለች?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና «ደስ ይላታል» አለኝ።

«ደስ ብሏታል» አላለም። አንደኛው እሷ የተናገረችውን ያስተላልፋል፤ ሌላኛው እሱ የገመተላትን። ቀብዱን አንድ ሳምንት እንዲያዘገየው ለመንኩት። ሳምንቱ 14 ወር ሆነ።

ከዚህ በታች የምጽፈው የእነዚያን 14 ወራትና ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነው። ወላጆቼ ሁለቱም አንብበውታል፤ ስማቸውን፣ ከተማቸውንና ገንዘባቸውን እንዳልጠቅስ ብቻ ጠይቀውኛል። ለመጻፍ የተነሳሁት ያኔ ምክር ስፈልግ ያገኘሁት ሁሉ ቦታን ከቦታ የሚያወዳድር ስለነበር ነው፤ የአየሩ ጠባይ፣ ኑሮው፣ መልክዓ ምድሩ። የእኛ ነገር የተቋጠረው ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ሰዎቹና ቤቱ

አባቴ ያኔ 63፣ እናቴ 58 ዓመታቸው ነው። አባቴ የደም ግፊት አለበት፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል። እናቴ አስተማሪ ነበረች፤ ሥራዋን ቀደም ብላ ትታ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ልጆች ቤቷ ታስጠናለች። ቀኝ ጉልበቷን ያማታል። መኪና የሚነዳው አባቴ ብቻ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር አንባቢ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ።

የሚኖሩበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። መኝታ ቤቱና ትልቁ መታጠቢያ ቤት ፎቅ ላይ ናቸው፤ በመካከሉ 14 ደረጃ አለ፤ መደገፊያው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ቤቱ ዕዳ የለበትም፤ ካላቸው ሀብት ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። የአባቴ የጡረታ አበል ከደመወዙ ግማሽ ገደማ ይሆናል፤ የእናቴ ከዚያም ያነሰ ነው። እኔ ከእነሱ በመኪና ሰባት ሰዓት ርቄ እኖራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ባሕር ማዶ ነው።

በጠረጴዛው ላይ ሦስት ምርጫ ነበር፤ ባሉበት መቆየት፣ ሐይቅ ዳር መግባት፣ ወይም እኔ ግቢ ውስጥ ባለው ክፍል መኖር። አራተኛውን ያኔ ማንም አላነሳውም።

የነጥብ ሠንጠረዡ

መጀመሪያ የሄድኩበት መንገድ ስህተት ነበር። ሠንጠረዥ ሠራሁ። የአየር ጠባይ፣ ወጪ፣ ሕክምና፣ ዘመድ፣ ጸጥታ እያልኩ 11 መስፈርት ዘረዘርኩና እያንዳንዳችን ከ1 እስከ 5 ነጥብ እንድንሰጥ ጠየቅሁ። አባቴ ለሐይቁ ብዙ ነጥብ ሰጠ፤ ሕክምና ላይ ሲያንስበት ደግሞ «ንጹሕ አየርም ሕክምና ነው» ብሎ አስተካከለው። እኔም ሳላውቀው የራሴን ቤት ነጥብ ከፍ አድርጌያለሁ።

የእናቴን ወረቀት እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። በእርሳስ፣ የደብተር መስመር እንደምታርም በተስተካከለ እጅ ጽሕፈት፣ ከላይ እስከ ታች 3፣ 3፣ 3 ሞልታዋለች። ሦስቱም ቦታዎች እኩል 33 አገኙ። አባቴ «እናትሽ ሁሉም ይስማማታል» ብሎ ሳቀ። እኔም ለጥቂት ቀን አምኜው ነበር። በኋላ ላይ ግን 36 ዓመት በትዳር የኖረች፣ የሰው ደብተር ስታርም የኖረች ሴት ለሁሉም ነገር 3 የምትሰጠው ሐሳብ ስለሌላት እንዳልሆነ ገባኝ። የጠየቅናት ጥያቄ የእሷን መልስ የሚይዝበት ቦታ አልነበረውም።

የሠንጠረዡ ሌላ ችግር ሰው ቦታን ሲያስብ የሚያየው ቦታው የሚለይበትን ነገር ብቻ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሽኬድና ዳንኤል ካህነማን በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብና በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ተማሪዎችን ጠይቀው ነበር። ሁሉም በካሊፎርኒያ ያለ ሰው የበለጠ ደስተኛ ይሆናል ብለው ገመቱ፤ ስለ ራሳቸው ሕይወት ሲጠየቁ ግን በሁለቱ ቦታዎች ያለው እርካታ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ፀሐዩ ጎልቶ ስለሚታይ ግምቱን ይወስደዋል፤ የዕለት ኑሮ ግን በፀሐይ አይሞላም። አባቴም ያየው በረንዳውን ነው። ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ምን እንደሚሠራ አላየም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ሟርት

ቤቱን ለማየት ሦስታችን አብረን ሄድን። ደላላው አባቴን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ። እናቴ ግን ወደ ኋላ ዞራ ከግቢው በር ወደሚወጣው መንገድ ታይ ነበር። ኮረኮንች ነው፤ ዳገት አለው፤ የእግረኛ መንገድ የለውም።

«ገበያው ስንት ደቂቃ ይወስዳል?» አለችው ደላላውን።

«አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው እናቴ።»

«በእግር?»

«በመኪና።»

«በእግር ነው የጠየቅኩህ።»

ደላላው መቼም በእግር ሄዶ እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቃል። እናቴ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ስንመለስ፣ መንገዱን ካጋመስን በኋላ፣ መስኮቱን እያየች ቀስ ብላ ተናገረች። «አንተ ከሌለህ ይህን መኪና ማን ይነዳዋል?»

አባቴ ደነገጠ። «ምን ሟርት ነው የምታወሪው!» አለ።

«ሟርት አይደለም። ጥያቄ ነው።»

ከዚያ እስከ ቤት ድረስ ማንም አልተናገረም። እኔ ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሠንጠረዤ ለምን እንደማይሠራ ያወቅሁት እዚያ ነው። እኛ ስንመርጥ የነበረው ለሁለት ጤነኛ ሰዎች ነው። ከሁለት ሰው አንዱ ግን አይቀሬ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ነገር ማውራት ሟርት ስለሚመስል ቤት የሚገዛ ባልና ሚስት ሁሉ ይህን ዘመን ዘሎት ያልፋል።

ቤት ገብቼ በወረቀት ላይ አሰላሁት። በዓለም አማካይ ሴቶች በውልደት ጊዜ በሚሰላው የዕድሜ ጣሪያ ከወንዶች 5 ዓመት ያህል ይበልጣሉ፤ 60 ዓመት ከደረሱ ሰዎች መካከል ሲታይ ልዩነቱ ወደ 3 ዓመት ይጠጋል። እናቴ ደግሞ ከአባቴ 5 ዓመት ታንሳለች። ሁለቱ ሲደመሩ 8 ዓመት ይሆናል። አማካይ ነው፤ በአንድ ቤት ላይ እንዲህ ይሆናል አያሰኝም። ግን 8 ዓመት የሚያህል ዘመን፣ መኪና የማትነዳና ጉልበቷን የሚያማት ሴት ብቻዋን፣ በዚያ ኮረኮንች ዳገት ላይ ልትኖር የምትችል መሆኑ ከበረንዳው ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

በኋላ ሳነብ ተመራማሪዎቹ ዩጂን ሊትዋክና ቻርልስ ሎንጊኖ እ.ኤ.አ. በ1987 የጻፉትን አገኘሁ። ጡረተኛ ሰው ብዙ ጊዜ በሦስት ደረጃ ይሰደዳል ይላሉ። መጀመሪያ ጤናውና ገንዘቡ ሳለ ወደሚወደው ቦታ፣ ቀጥሎ አቅም ሲያንስና በተለይም የትዳር ጓደኛ ሲሞት ወደ ልጆቹ፣ በመጨረሻም እንክብካቤ ወደሚሰጥ ተቋም። አባቴ የመጀመሪያውን ጉዞ እያቀደ ነበር፤ እናቴ ሁለተኛውን እያየች። በአንድ ቤት ውስጥ ስለ ሁለት የተለያየ ጊዜ ነበር የሚያወሩት።

ሁለት ወረቀቶች

ለሁለቱም ለየብቻ ወረቀት ሰጠኋቸው። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ብቻዬን ብቀር የት መኖር እፈልጋለሁ? ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማገኘው ሰው ማን ነው?» አንዳቸው የሌላቸውን እንዳያዩ ለመንኳቸው።

አባቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ እምቢ አለ። ወረቀቱን ባነሳሁ ቁጥር ሌላ ነገር ያወራል። አንድ ቀን ማታ ግን የሆነ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሁለት መስመር ጽፎ፣ አጥፎ፣ ምንም ሳይለኝ ሰጠኝ። «ልጆቼ አጠገብ። ሐይቁ ብቻውን ምን ያደርግልኛል።» ሐይቁን ከሁላችን አብልጦ የሚወደው እሱ ነው። ብቻውን ሲሆን ግን አልፈለገውም። ሐይቁ ለእሱ ከእሷ ጋር የሚታይ ነገር ነበር።

የእናቴ ወረቀት አንድ ገጽ ሙሉ ነው። አሁን ባለችበት ሰፈር መኖር እንደምትፈልግ ጽፋ የሰባት ሰዎች ስም ዘርዝራለች፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎንም እነሱ ለእሷ፣ እሷም ለእነሱ የምታደርገውን ጽፋለች። አንዷ በየጠዋቱ በአጥር በኩል ትጠራታለች፤ ካልመለሰች ገብታ ታያለች። የአንዷን ልጅ ታስጠናለች። አንዱ ጎረቤት ቁልፍ ይዟል። ከታች ግን ለብቻ የተጻፈ መስመር ነበር። «ከልጄ ጋር መኖር አልፈልግም። ልጄን ስለማልወዳት አይደለም። በእርጅናዬ እንግዳ መሆን አልፈልግም።»

ይህን ሳነብ አመመኝ። ለእሷ ያዘጋጀሁት ክፍል ግድግዳው ተለክቷል፤ መስኮቱ በየት በኩል እንደሚሆን ወስኛለሁ። አልቅሻለሁም። ጥቂት ቀን ስልክ አልደወልኩላትም፤ ይህም ያሳፍረኛል። የተመለስኩት የራሴን ቀን በሰዓት ስቆጥረው ነው። ከቤት የምወጣው በጠዋት ነው፤ ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው፤ የምንገናኘው ሲመሽ ነው። እናቴ በማታውቀው ከተማ ውስጥ በቀን አሥር ሰዓት ያህል ብቻዋን ተቀምጣ የእኔን መምጣት ልትጠብቅ ነበር። ፍቅሬ እውነተኛ ነው፤ የማቀርብላት ሰዓት ግን ሁለት ወይም ሦስት ነበር።

የሰው ግንኙነት ለስሜት ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ጁሊያን ሆልት-ለንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት 148 ጥናቶችን፣ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አይቶ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ጊዜ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው 50 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። የእናቴ ሰባት ስሞች በእኔ ሠንጠረዥ ላይ «ዘመድ» በሚለው መስፈርት ሥር እንኳ አልገቡም ነበር፤ ዘመድ አይደሉማ።

ሦስት ወር ሐይቅ ዳር

ይህ ሁሉ ሆኖ እናቴ «ሐይቁን ሳንሞክረው አንተወውም» አለች። አባቴን ደስ ለማሰኘት ብላ አይደለም፤ ሳይሞከር የቀረ ምኞት በእያንዳንዱ ጠብ መሀል እንደሚነሳ ታውቃለች። አባቴ ጡረታ እንደወጣ ቤት ተከራዩና ሦስት ወር ገቡ። ጊዜውን የመረጥነው ሆን ብለን ነው፤ ሙቀቱ የሚበረታበት፣ እንግዳ የማይመጣበት ወቅት። ለዕረፍት ሲሄዱ የሚያዩት ጥሩውን ወር ነበር፤ መኖር ግን 12ቱንም ወር ነው። እንደ እንግዳ እንዳይኖሩም ተስማማን። ልብሳቸውን ራሳቸው ያጥባሉ፣ ክፍያ ራሳቸው ሄደው ይከፍላሉ፣ የሐኪም ቀጠሯቸውም እዚያው ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ድንቅ ነበሩ። አባቴ በየጠዋቱ ፎቶ ይልክልኛል። ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ፎቶው ቀረ። የሚያውቃቸው ጎረቤቶች የእሱው ዓይነት የዕረፍት ሰዎች ስለነበሩ ቤቶቹ ተዘግተዋል። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከወንበር ሲነሳ ዓይኑ ጨለመበት፤ በግድግዳው ተደግፎ ነው የተረፈው። ክሊኒኩ 40 ደቂቃ ይርቃል። ሐኪሟ የደም ግፊት መድኃኒቱ የሚያሸና ስለሆነ በሙቀት ወቅት ሰውነቱ ውሃ እያጣ ግፊቱ ድንገት እንደሚወርድ አስረዱት፤ መጠኑንም አስተካከሉለት። በዕድሜ የጥማት ስሜት ስለሚደክም ሰው ውሃ ማነሱን አያውቀውም። ነገሩ ቀላል ሆኖ አለፈ።

አባቴን ያሳሰበው ሌላ ነው። ሲቲ ስካን፣ ማለትም የጭንቅላትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ መሣሪያ፣ ያለው ሆስፒታል የት እንደሆነ ጠየቀ። የ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ መንገድ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ስለ ስትሮክ፣ ማለትም አንጎል ውስጥ ስለሚፈጠር የደም ዝውውር እክል፣ ማወቅ አለበት። በደም መርጋት የመጣ ከሆነ የረጋውን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከታየ በኋላ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፤ ከመሰጠቱ በፊትም ደም አለመፍሰሱ በምስል መረጋገጥ አለበት። ከዚያ ጊዜ ላይ መንገዱን፣ መኪና መፈለጊያውን፣ ተራ መጠበቂያውን ቀንሱ። በዚያ ላይ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው የሚታመመው ሰው ራሱ ከሆነ ማን ያደርሰዋል?

እናቴ ደብተር ይዛ ነበር። በ90 ቀን ውስጥ አባቴ ሳያደርሳት ብቻዋን ከግቢ የወጣችው 11 ጊዜ ነው። ቆጥራዋለች። ሰፈሯ ውስጥ በየቀኑ ትወጣለች። ቁጥሩን ለአባቴ ያሳየችው ሲመለሱ ነው፤ እዚያ እያሉ ምኞቱን ላለመስበር ብላ። አባቴ ደብተሩን አይቶ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። «አንተም አልጠየቅኸኝም» አለችው።

ትልቁ ቤት

ባሉበት መቆየት ቀላሉ መልስ ይመስል ነበር። ሜትር ይዘን ስንለካው ግን ቀላል አልሆነም። ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች በየዓመቱ ከ28 እስከ 35 በመቶው እንደሚወድቁ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ የእናቴ መኝታ ደግሞ 14 ደረጃ ላይ ነው። መኝታውን ወደ ታች እናውርድ ብንል የታችኛው መጸዳጃ ቤት በር 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ዊልቸር 80 ገደማ ይፈልጋል። የመግቢያው ከፍታ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስለሚፈልግ 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። ከበሩ እስከ አጥሩ ያለው 3 ሜትር ብቻ ነው።

የእርጅና ተመራማሪዎቹ ፓውል ላውተንና ሉሲል ናሄሞው እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረቡት ሐሳብ ይህን በደንብ ይገልጸዋል። የሰው አቅምና የአካባቢው ጫና ሚዛን ላይ ናቸው፤ አቅም ሲቀንስ ድሮ ያልተሰማ ጫና ይሰማል። ጫናው ሲበዛ ብቻ ሳይሆን ጭራሽ ሲጠፋም ሰው እንደሚደክም አንስተዋል። የሚያስነሳ፣ የሚያወጣ፣ የሚያስጠራ ነገር የሌለበት ምቹ ክፍልም ሰውን ያደክማል። የእኔ ግቢ ክፍል እንዲያ ሊሆን ነበር።

ገንዘቡ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ነገር ግን አባቴን ከሁሉ በላይ አሳመነው። የጡረታ አበል እምብዛም አይጨምርም፤ ዋጋ ግን ይጨምራል። 72ን ለዋጋ ንረቱ ብታካፍሉ ዋጋ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግምት ታገኛላችሁ፤ ንረቱ 6 በመቶ ከሆነ 12 ዓመት ነው። እናቴ 70 ስትሆን ያው አበል የዛሬውን ግማሽ ይገዛል ማለት ነው። ጣራውን የሚያስጠግን፣ የሚያስቀባ፣ ግቢውን የሚያስጠርግ ትልቅ ቤት በዚያ አበል አይያዝም።

የተመረጠው

አራተኛውን ምርጫ ያመጣችው እናቴ ናት። ከድሮው ቤታቸው 6 ደቂቃ በእግር ርቀት ላይ፣ በዚያው ሰፈር፣ ሁለት መኝታ ያለው፣ ደረጃ የሌለው ቤት። ውበት የለውም። ከመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ሐኪም ቤት በእግር ይደረሳል፤ ከሰባቱ ስሞች አምስቱ ከድሮው ቤት ይልቅ ለዚህኛው ይበልጥ ይቀርባሉ።

መጀመሪያ ተከራዩት። የድሮውን ቤት የሸጡት ስድስት ወር ከኖሩበትና ባለቤቱ ለመሸጥ ከተስማማ በኋላ ነው። ሸጦ ገዝቶ፣ ተሳስቶ እንደገና ሸጦ መግዛት ኮሚሽኑንና ግብሩን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ በዚያ ላይ በመሀል ዋጋው ይወጣል። አባቴ «በዚህ ዕድሜ ተከራይ ሆንኩ» ብሎ ለጥቂት ጊዜ ከብዶት ነበር። ያንን ስድስት ወር ግን እኔ ከሁሉም የተሻለ ውሳኔያቸው አድርጌ ነው የምቆጥረው።

ሰነዱን ስናገላብጥ የድሮው ቤት በአባቴ ስም ብቻ እንደተመዘገበ አየን። በክፋት አይደለም፤ ያኔ የሄደው እሱ ስለነበር ነው። አዲሱን በሁለቱም ስም አስመዘገቡ። ኑዛዜ ጻፉ፤ የባንኩ ሒሳብም አንዱ ሲቀር ሌላው እንዳይቸገር ሆኖ ተስተካከለ። የሕግ ባለሙያ ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀው። በሐዘን መሀል ቢሆን ኖሮ ስንት ወር እንደሚፈጅ የባለሙያው ፊት ነግሮናል።

በሩ 80 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ሰፋ። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ተተከለ። አምፖሎቹን ሁሉ ብርሃናቸው ከፍ ባሉት ቀየርን፤ የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነውና።

ያላሰብነው

አባቴ ታመመ ማለት እችላለሁ፤ በሰውነቱ አይደለም። ከገቡ አራት ወር ገደማ ሲሆናቸው ዝም ማለት ጀመረ። መስኮቱ ፊት ለፊት፣ ግድግዳውን እያየ ይቀመጣል። በድሮው ቤት ጓሮ የእንጨት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ለሁላችን ወንበር የሠራው እሱ ነው። ትልቁ የሥራ ጠረጴዛው አዲሱ ቤት ውስጥ አልገባ ስላለ ለሰው ሰጥቶታል። መሣሪያዎቹ አልጋ ሥር በሣጥን ተኝተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1967 የአእምሮ ሐኪሞቹ ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ራሄ 43 የሕይወት ለውጦችን በሚያስከትሉት ጫና መጠን በነጥብ አስቀምጠዋል። የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ነው፤ ጡረታ መውጣት 45፤ መኖሪያ መለወጥ 20። ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይደራረቡ ብዬ ከጡረታው በኋላ ዘጠኝ ወር አስቆጥሬ ነበር። የእርጅና ተመራማሪው ሮበርት አችሊ ደግሞ ጡረታ መጀመሪያ የጫጉላ ጊዜ እንዳለው፣ ቀጥሎም የመከፋት ጊዜ ሊመጣ እንደሚችል ጽፏል። ይህን ሁሉ አንብቤያለሁ። ግን አንብቤ የጠበቅሁት ለእናቴ ነበር።

አንድ ቀን ስልክ ላይ «ቤቱ የእናትሽ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ» አለኝ። የእናቴን ወረቀት አላየም። ቃሉ ግን ያው የእሷው ቃል ነበር።

ይህ የእኔ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። ቤቱ ለሚቀረው ሰው መመረጡ ትክክል ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው እመርጣለሁ። ግን ለሚቀረው ሰው ሲመረጥ ሌላው ከዛሬ ጀምሮ ዋጋ ይከፍላል። ያንን ዋጋ ቀድሜ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። «ብቻህን ብትቀር?» ብዬ ጠየቅሁት፤ «ሁለታችሁ ሳላችሁ፣ ከቁርስ እስከ ምሳ እጅህ ምን ይይዛል?» ብዬ አልጠየቅሁትም። የሥራ ጠረጴዛው ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሰው ይህን ቢጠይቅ ኖሮ ጠረጴዛው የሚቀመጥበት አይጠፋም ነበር።

ነገሩ የተፈታው በእናቴ ስም ዝርዝር ነው። ቁልፍ የያዘው ጎረቤት ግቢው ውስጥ ባዶ መጋዘን አለው። እናቴ ሄዳ ጠየቀችው፤ ለአባቴ ግን ጎረቤቱ ራሱ እንዲነግረው አደረገች። አባቴ ከቁርጥራጭ ጣውላ አዲስ ጠረጴዛ ሠራ፤ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። የሰፈሩ ሰው የተሰበረ ወንበር ያመጣለታል። ሐይቁንም ሙሉ በሙሉ አልተዉትም፤ በየዓመቱ ቀዝቀዝ ባለው ወቅት አንድ ወር ተከራይተው ይሄዳሉ። በረንዳ ያለው ነው የሚከራየው።

ስድስት ዓመት በኋላ

ሲገቡ ጊዜ ጉዳዩ እንደገና የሚከፈትባቸውን ሦስት ሁኔታዎች ጽፈው ከቤቱ ሰነድ ጋር አስቀምጠው ነበር። ከሁለት አንዳቸው ከወደቁ፣ አባቴ መንዳት ካቆመ፣ ወይም አንዱ ብቻ ከቀረ።

አባቴ ዓይኑ ሞራ ከጀመረው ወዲህ ማታ አይነዳም ነበር። ዘንድሮ መኪናውን ከበሩ ምሰሶ ጋር አጋጨው። ማንም ሳይጠይቀው ቁልፉን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ወረቀቱን አምጪው» አለኝ። ሦስታችን ተቀመጥን። ሁለቱም እንደገና ለየብቻ ጻፉ። ከእናቴ ሰባት ስሞች አንዷ ሞታለች፤ አንዱ ሰፈር ለቋል፤ ሦስት አዲስ ተጨምረዋል። አባቴ አሁንም «ልጆቼ አጠገብ» ነው የጻፈው። እሱ ከቀረ ይመጣል፤ እሷ ከቀረች ትቆያለች። ያንን ሁለቱም አሁን በአፋቸው ይሉታል።

በማግስቱ ጠዋት ከእናቴ ጋር ወደ ድሮው ሰፈር በእግር ሄድን። ሰዓት ያዝኩ። 6 ደቂቃ የነበረው 9 ሆኗል። መሀል ላይ ጎረቤቷ ቤት ደጃፍ ዝቅ ያለ የግንብ አጥር አለ፤ እዚያ ተቀምጣ ጉልበቷን አሻሸች። የቤቱ በር ተከፈተና አንዲት ልጅ ደብተሯን ይዛ ወጣች።